የ425 ዶላሩ ሰርተፊኬት እና የአሞሌው ቀን

ባለፈው ሳምንት ፈረቃዬን ጨርሼ ወደ ባቡር ጣቢያ ስሄድ አብራን የምትሠራ አንዲት የደሴ ልጅ ሮጣ ደረሰችብኝና ስልኳን ዘረጋችልኝ። «ጋሼ፣ እስቲ ይህን ይዩልኝ። ለፌዴራል ሕንጻ ጥበቃዎች የሁለት ቀን የማጠናከሪያ ሥልጠና ነው። ዋጋው 425 ዶላር ነው። መንግሥት የሚቀበለው ሰርተፊኬት እንሰጣለን ይላሉ።»

ጽሑፉን ከማንበቤ በፊት በቀለሙ አወቅሁት። ጥቁር መደብ፣ ክንፉን የዘረጋ ወርቃማ ንስር፣ እጆቹን ደረቱ ላይ ያጣመረ ፈርጣማ ሰው። ያ ንስር የታተመበት ወረቀት እኔም ቤት አለ። ትንሹ ልጄ በውኃ ቀለም ሲሥል ጠረጴዛው እንዳይበላሽ ከሥር ያነጥፈዋል።

ባቡሩ ስለደረሰ «አትክፈዪ፣ ኋላ እነግርሻለሁ» ብያት ተለያየን። ነገሩ ግን በአንድ ቃል የሚያልቅ አይደለም። ያ ሥልጠና ከጫፍ እስከ ጫፍ ከንቱ አልነበረም፤ በነጻ የሚገኘውም ብቻውን አይበቃም። ባለፉት ሁለት ዓመታት የወሰድኋቸውን ሦስት ዓይነት ሥልጠናዎች ጎን ለጎን አስቀምጬ ብጽፋቸው እሷን ለመሰሉ ብዙዎች ይጠቅማል ብዬ ተቀመጥሁ።

መጀመሪያ እኔ ማን እንደሆንሁ። በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ በፌዴራል ሕንጻ በር ላይ ዩኒፎርም ለብሶ የሚቆም ሁሉ የመንግሥት ሠራተኛ አይደለም። አብዛኞቻችን የኮንትራት ኩባንያ ቅጥረኞች ነን። በላያችን ያለው የፌዴራል ጥበቃ አገልግሎት ነው፤ በ1971 (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የተቋቋመ፣ ከ2003 ጀምሮ በአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴር ሥር ያለ መሥሪያ ቤት። በመላው አሜሪካ እንደኛ ያለው የኮንትራት ጥበቃ ከ10,000 በላይ ነው። ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ደብረ ማርቆስ 14 ዓመት ፊዚክስ አስተምሬያለሁ። እዚህ በር ላይ ከቆምሁ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ያለፉትን ሦስቱን በፈረቃ ኃላፊነት። ስለዚህ አንድን ሥልጠና ስመዝን የምመዝነው እንደ ጥበቃ ብቻ አይደለም። ጠመኔ ይዞ ያረጀ ሰው ሌላው ሲያስተምር ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም፤ ይህ ዐመሌ እንደሆነ አስቀድሜ ልናገር።

የእኛ ሥራ ወረቀቱ ሁሉ ቀን ይቆጠርበታል። የመሣሪያ ተኩስ ፈተናው፣ የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታው፣ የኤክስሬይ ፍተሻው፣ ሁሉም የሚያበቃበት ቀን አለው። ቀኑ ካለፈ ከበሩ ትነሣለህ፤ ከበሩ ከተነሣህ ደመወዙም አብሮ ይነሣል። ያ ወርቃማ ንስር የሚበላው ይህን ፍርሃታችንን ነው።

እንግዲህ ወደ 425 ዶላሩ። ስሙን አልጠራም፤ ማስታወቂያው የደረሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሥልጠናው የተሰጠው በሰሜን ቨርጂኒያ አውራ ጎዳና ዳር ባለ ሆቴል አዳራሽ ነበር። የመኪና ማቆሚያው በቀን 18 ዶላር ለብቻው ይከፈላል። የአዳራሹ ማቀዝቀዣ ጋቢ ያሰኛል። ቁርሱ ኬክና ቡና ነው፤ ቡናውን ቡና ያልሁት ሌላ ስም ስላጣሁለት ነው።

አሠልጣኙ ቀድሞ ወታደር እንደነበረ ነገረን። ከዚያ ስንት አገር እንደዞረ ነገረን። ከዚያ በየአገሩ ያጋጠመውን ነገረን። የሻይ ሰዓት ደረሰ።

ከሻይ በኋላ ስለ ኤክስሬይ ማሽን ተጀመረ። በአዳራሹ ውስጥ ማሽን የለም፤ ያለው 180 ስላይድ ነው፤ ቁጥሩ ከሥሩ ስለሚታይ ነው ያወቅሁት። ሠላሳኛው ገደማ ላይ በትልልቅ ፊደል «ብርቱካናማ ማለት አደጋ ማለት ነው» የሚል መጣ። እጄን አወጣሁ። «ብርቱካናማ የሚሆነው ለምንድን ነው?» አልሁት። «ማሽኑ አደገኛ ነገር ስላገኘ ነው» አለኝ። ከጎኔ የተቀመጠው የጋና ሰው ይህን በደብተሩ ሲጽፍ አየሁና ሆዴ ተቃጠለ።

ማሽኑ አደጋ የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው ጨረሩ ዕቃውን አልፎ ሲወጣ ምን ያህል እንደደከመ ነው። ይህንም በሁለት የጉልበት ደረጃ ይለካዋል፤ አንዱ ደከም ያለ፣ ሌላው በረታ ያለ። ሁለቱ የደከሙበትን መጠን ሲያነጻጽር ዕቃው ከቀላል አተም የተሠራ ይሁን ከከባድ ይለያል። ካርቦን፣ ሃይድሮጅን፣ ናይትሮጅንና ኦክስጅን የሞሉበት ነገር ብርቱካናማ ይቀባል። ዳቦ፣ ሳሙና፣ መጽሐፍ፣ ሹራብ፣ አይብ ሁሉም ብርቱካናማ ናቸው፤ ፈንጂም እንደዚያው። ብረትና መዳብ ሰማያዊ ይሆናሉ። በመካከል ያሉት እንደ አሉሚኒየም፣ መስታወትና ጨው ያሉት አረንጓዴ ናቸው። ጨረሩ ጨርሶ ያላለፈው ጥቁር ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ ብርቱካናማ ሁሉ አደጋ ከሆነ በማለዳ ምሳውን ቋጥሮ የሚመጣውን ሠራተኛ በሙሉ ልናስረው ነው። የፈታሹ ሥራ ቀለሙን ማወቅ አይደለም፤ ቀለሙን፣ ቅርጹንና አጠገቡ ምን እንዳለ አብሮ ማንበብ ነው። ይህን ለማስረዳት ሰሌዳና አሥር ደቂቃ ይበቃል። ሰውዬው ሁለት ቀን ነበረው።

የሁለተኛው ቀን ከሰዓት ግን ሌላ ነው፤ ሐቁን ልናገር። ለልብና ትንፋሽ እርዳታ ሌላ አስተማሪ መጣ፤ በእሳት አደጋ ሠራተኝነት የኖረ፣ ወሬ የማያበዛ። ለሁለት ሰው አንድ አሻንጉሊት ሰጠንና ጉልበታችን እስኪዝል አሠራን። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ቢያንስ አምስት ሳንቲ ሜትር ወደ ታች፣ ከዚያ ደረቱ ተመልሶ እንዲነሣ እጅህን ሳትጫን መልቀቅ፤ 30 ከተጫንህ በኋላ ሁለት ትንፋሽ። እኔ በእንግሊዝኛ ስቆጥር ሃያዎቹ ውስጥ ምላሴ ይተሳሰርና ምቱ ይዘገያል። ሰውዬው አጠገቤ ተንበረከከና «በየትኛው ቋንቋ ነው የምታስበው?» አለኝ። ነገርሁት። «በርሱ ቁጠር» አለኝ። በአማርኛ ቆጠርሁ፤ ምቱ ተስተካከለ። እውነተኛ አስተማሪ ማለት ይህ ነው። ይሁን እንጂ ይህን ክፍል ብቻ ለይቶ በጣም ባነሰ ዋጋ መማር ይቻላል። ለጠቅላላው ሥልጠና ከአሥር ሦስት እሰጣለሁ፤ ሦስቱም ለአሻንጉሊቱ።

ሰርተፊኬቱን ይዤ ወደ ኩባንያችን የሥልጠና ክፍል ሄድሁ። ኃላፊዋ መነጽሯን አድርጋ አነበበች፤ ገልብጣም አየች። የጸደቁ ሥልጠናዎች ዝርዝር ውስጥ የለም። የልብ እርዳታው ብቻ ተመዘገበልኝ፤ የኤክስሬይ ሰዓቱ ግን አንድም አልተቆጠረም። ለሥልጠና ድርጅቱ ስደውል ልጅቱ በትሕትና ማስታወቂያውን እንደገና እንዳነብ ነገረችኝ። አነበብሁ። ከሥር በደቃቅ ፊደል የተጻፈው «መንግሥት ሊቀበለው የሚችል» ነው። ገንዘብ የሚመለሰው ደግሞ ሥልጠናው ከመጀመሩ ከ72 ሰዓት በፊት ለሚሰርዝ ብቻ ነው። ጥፋቱ የእኔም ጭምር ነው። ሻጩን ከመጠየቅ በፊት ሰዓቱን በፊርማዋ የምትመዘግበውን ሰው መጠየቅ ነበረብኝ፤ ቢሮዋ ከእኔ በር ሁለት ፎቅ በላይ ነበር።

ይህን ስል ወረቀት ንቄ አይደለም። የኮንግረስ መርማሪ የሆነው የመንግሥት ተጠያቂነት ጽሕፈት ቤት በ2009 ስለ እኛ መሥሪያ ቤት ያወጣው ሪፖርት ውስጥ አንድ ታሪክ አለ፤ አዲስ ለሚገቡ ልጆች ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ። አንዲት እናት መታወቂያዋን ልታወጣ ሕፃኗን ከነማቀፊያው ማሽኑ ላይ ታስቀምጣለች። ጥበቃው ልብ አላለም፤ ቀበቶው ተንቀሳቀሰና ሕፃኑ በኤክስሬዩ ውስጥ አለፈ። ጥበቃው ተባረረ። ከዚያ የኤክስሬይ ሥልጠና አልሰጣችሁኝም ብሎ ከሰሰ፤ ረታም። መሥሪያ ቤቱ ማሠልጠኑን የሚያሳይ አንድም ሰነድ ማቅረብ አልቻለም። ስለዚህ ማንኛውንም የምስክር ወረቀት ቅጂውን ቤታችሁ አስቀምጡ። ከሥዕል በታች ሳይሆን መሳቢያ ውስጥ።

ሁለተኛው ዓይነት አንድ ሳንቲም የማይከፈልበት ነው። የፌዴራል የአደጋ ጊዜ አስተዳደር ኤጀንሲ፣ ሁላችንም ፌማ የምንለው፣ ማንም ሰው ቤቱ ተቀምጦ የሚወስዳቸው የኢንተርኔት ትምህርቶች አሉት። በ2024 የተማሪ መለያ ቁጥር አወጣሁና እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አንድ አንድ እያልሁ ያዝሁት። ስለ ሥራ ቦታ ጸጥታ ግንዛቤ ቁጥር 906፣ ታጣቂ ገብቶ ሲተኩስ ምን ይደረጋል የሚለው 907፣ ሕንጻችንን እያጠና ያለን ሰው ስለ መለየት 914። ለእያንዳንዱ አንድ ሰዓት ቢመደብለትም እኔ ሁለትና ከዚያ በላይ ፈጅቶብኛል፤ አላፈርሁም። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ሰው ትልቁ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። አዳራሽ ውስጥ ያልገባህ ቃል አልፎህ ይሄዳል፤ እዚህ ግን ታቆመዋለህ፣ መዝገበ ቃላት ታያለህ፣ ቡናህን ትጠጣለህ፣ ትመለሳለህ። ማለፊያው ከመቶ 75 ነው።

ከሁሉም ያስደሰተኝ ስለ ፌዴራል ሕንጻዎች የጸጥታ ደረጃ የሚያስረዳው፣ ከቁጥር 1170 የሚጀምረው ተከታታይ ትምህርት ነው። እንደኛ በር ላይ ለሚቆም ሰው ማንም ውሰደው ብሎ አይነግረውም፤ ለአለቆች የተዘጋጀ ነው የሚመስለው። እኔ ግን ስምንት ዓመት የቆምሁበት በር ለምን እንደዚያ ሆኖ እንደተሠራ የገባኝ ከርሱ ነው። ነገሩ የሚጀምረው ከኦክላሆማ ነው። በሚያዝያ 19 ቀን 1995 የተፈነዳው መኪና 168 ሰው ገደለ፤ ከነዚህ 19ኙ ሕፃናት ነበሩ፤ ሕንጻው ውስጥ የሕፃናት ማቆያ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ለፌዴራል ሲቪል ሕንጻዎች ሁሉ የሚሆን አንድ የጋራ የጸጥታ መመዘኛ አልነበረም። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ፕሬዚዳንት ክሊንተን በትእዛዝ ቁጥር 12977 የመሥሪያ ቤቶችን የጋራ የጸጥታ ኮሚቴ አቋቋሙ። ዛሬ እያንዳንዱ ሕንጻ ከአንድ እስከ አምስት ደረጃ ይሰጠዋል። ደረጃው የሚወጣው ሕንጻው የሚሠራው ሥራ ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ፣ በሕዝብ ዓይን ምን እንደሚወክል፣ ስንት ሰው እንደሚውልበት፣ ስፋቱና በውስጡ ባሉት መሥሪያ ቤቶች ላይ ያለው ስጋት ተመዝኖ ነው።

ይህን ካወቅሁ በኋላ «እዚያ ማዶ ያለው መሥሪያ ቤት አይፈትሽም፤ እናንተ ለምን ትፈትሻላችሁ?» ብሎ ለሚቆጣ ጎብኚ የምመልሰው አላጣም። ድሮ «ሕጉ ነው» ብዬ እዘጋው ነበር። አሁን በሁለት ዐረፍተ ነገር አስረዳዋለሁ፤ አብዛኛው ሰው ሲያስረዱት ይበርዳል።

በተለይ ልጆቻችሁ በመከላከያ ኮንትራት ድርጅቶች የሚሠሩ ከሆነ፣ ሜሪላንድ ሊንቲከም ላይ ያለው የመከላከያ ሚኒስቴር የጸጥታ ባለሙያዎች ማሠልጠኛም ሳይመዘገቡ የሚወሰዱ ትምህርቶች በኢንተርኔት አሉት፤ የውስጥ አዋቂ ስጋት (ከመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ካለ ሰው የሚመጣ አደጋ)፣ ምስጢር አያያዝ፣ የመሳሰሉት። እነዚያን ስትጨርሱ የሚመጣውን ሰርተፊኬት ወዲያውኑ አስቀምጡ፤ ሳትመዘገቡ የወሰዳችሁት ስለሆነ እዚያ የሚቀር መዝገብ የለም። እኔ ስለ ውስጥ አዋቂው ያለውን ወስጃለሁ። ለበር ጥበቃ ብዙም አይጠቅመውም፤ ወደ ቢሮው ጸጥታ ሥራ መሻገር ለሚፈልግ ግን ጥሩ መግቢያ ነው።

የኢንተርኔት ትምህርት ሁሉ በባሕርዩ አንድ ጉድለት አለው፤ እጅ አያስተምርም። ምርጫውን ጠቅ አድርጎ ማለፍና ሰባት ሰዓት ላይ ወረፋ ሲረዝም ቦርሳ ማንበብ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እዚህ ላይ ነው ሦስተኛው የሚመጣው።

ኩባንያችን በየዓመቱ የሚሰጠን የስምንት ሰዓት የኤክስሬይ ማደሻ ነበር። ካለፉት ዓመታት ልምዴ ተነሥቼ የምጠብቀው ትንሽ እንቅልፍና ትንሽ ቪዲዮ ነበር። ዘንድሮ ግን አዲስ አስተማሪ መጡ፤ አውሮፕላን ማረፊያ በፈታሽነት ብዙ ዘመን ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት። (አንቱ ማለቴን ልብ በሉ። ለንስሩ ሰውዬ ይህን አላደረግሁም።) ከሦስት ቀን በፊት መልእክት ላኩልን፤ «እያንዳንድህ ከቤትህ ዕቃ ቦርሳ አዘጋጅተህ ና። የምትኖርበትን ቤት የሚመስል ቦርሳ ይሁን።»

ባለቤቴ አጠገቤ ቆማ እያጉረመረመች ያዘጋጀሁት ቦርሳ ይህን ይመስል ነበር፤ አንድ ኪሎ በርበሬ በላስቲክ፣ በጣሳ ያለ ቅቤ፣ ጀበና ከነማስቀመጫዋ፣ ስድስት ሲኒ፣ የኤሌክትሪክ ምላጭ፣ አንድ ወፍራም መዝሙረ ዳዊት እና ለጌጥ ከመደርደሪያ ላይ የማትነሣ አንዲት ቁራጭ አሞሌ ጨው። አሞሌዋ የባለቤቴ ናት፤ ከአያቷ ቤት የመጣች።

አሥራ ሁለት ነበርን፤ ማሽኑ እውነተኛ፣ ቀበቶው የሚሄድ። አስተማሪያችን ስለ ራሳቸው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ተናግረው ቦርሳዎቹን ማሳለፍ ጀመሩ። ማያ ገጹ ላይ የእኔ ሲመጣ ሁሉም ዝም አለ። በርበሬው ብርቱካናማ ነው፤ ግን ወጥ አይደለም፤ እንደ አሸዋ ጥላው ይንቀጠቀጣል። ቅቤው ብርቱካናማ ሆኖ ልስልስ ነው። ጀበናዋ ከሸክላ ስለሆነች አረንጓዴ ናት፤ አንገቷ ቀጭን፣ ሆዷ ክብ። ዳር ላይ ደግሞ አንዲት ጠንካራ አረንጓዴ ጡብ። አንዱ «ሳሙና ነው» አለ። አስተማሪዋ ወደኛ ዞሩና «ሳሙና ምን ቀለም ነው?» አሉ። ብርቱካናማ። «እንግዲህ ሳሙና አይደለም። ምንድን ነው?» ማንም አልመለሰም። እኔ ስስቅ አይተው አወጡት።

በአገሬ ይህ ጨው አንድ ዘመን ገንዘብ እንደነበረ፣ ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ተቆርጦ በግመል እንደሚወጣ ነገርኋቸው። የጋናው ሰው (እርሱም እኛ ዘንድ ነው የሚሠራው) በጥፍሩ ፍቆ ቀመሰና ራሱን ነቀነቀ። የዚያን ዕለት ጨው ለምን አረንጓዴ እንደሚሆን ያልገባው አንድም ሰው አልቀረም፤ እኔ ደግሞ አንድ ቃል ፊዚክስ ሳልናገር።

ከምሳ በኋላ ፈተናው ተጀመረ። ቦርሳዎቹ ተቀላቅለው ደጋግመው ያልፋሉ፤ በአንዳንዶቹ ውስጥ አስተማሪዋ የሥልጠና ዕቃ ይጨምራሉ፤ በየትኛው ዙር እንደሆነ አይናገሩም። በማያ ገጹ ፊት አንድ ሰው ከ20 ደቂቃ በላይ አያስቀምጡም፤ በአውሮፓ አውሮፕላን ማረፊያዎች ደንቡ ይኸው እንደሆነ ነገሩን። እኔ ተራዬ ደርሶ ተቀመጥሁ። አሥር ቦርሳ፣ ሃያ ቦርሳ፣ ምንም የለም። ሠላሳ። ዓይኔ መንሸራተት ጀመረ። ከዚያ የራሴ ቦርሳ መጣ፤ ጀበናዋን አይቼ ፈገግ ብዬ አሳለፍሁት።

ቀበቶውን አቆሙት። ቦርሳውን መለሱና ሩብ ዙር አዙረው እንደገና አስገቡት። መጀመሪያ ከጀበናዋ ጎን እንደ ክር የታየው ሰማያዊ መስመር አሁን ሙሉ ቅርጹ ወጣ፤ የሥልጠና ቢላዋ። «ምን እንዳለበት አውቃለሁ ብለህ ነው ያሳለፍኸው፣ አይደል?» አሉኝ። ሌላ ምንም አልተናገሩም። 14 ዓመት ስለ ብርሃንና ጨረር ያስተማርሁ ሰው ጆሮዬ ድረስ ጋለብኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ምክንያቱን ያስረዱን። ጄረሚ ዎልፍ የሚባል የዕይታ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ2005 ያሳተመው ጥናት አለ። ሰዎች በተዝረከረከ ሥዕል ውስጥ አንድ የታዘዙትን ዕቃ እንዲፈልጉ ተደረገ። ዕቃው በግማሾቹ ሥዕሎች ውስጥ ሲኖር የሳቱት ከመቶ 7 ያህል ነው። ዕቃው ከመቶ ሥዕል በአንዱ ብቻ ሲኖር ግን የሳቱት ከመቶ 30 ደረሰ። ዓይናቸው ያው ነው፤ የተለወጠው የነገሩ ብርቅነት ነው። እኛ በር ላይ ደግሞ ከመቶ አንድ ቀርቶ ወር ሙሉ ምንም የማይገኝበት ጊዜ አለ። የመንግሥት ተጠያቂነት ጽሕፈት ቤት በ2024 ይፋ ያደረገውንም አነሡልን። መርማሪዎቹ ማንነታቸውን ሰውረው 27 ጊዜ ሞከሩ፤ ቆመጥ፣ በርበሬ የሚረጭ ጣሳ፣ ቢላዋ ያለው ባለ ብዙ አገልግሎት መሣሪያ ይዘው። በግማሽ ያህሉ ሙከራ ጥበቃዎቹ አላገኙባቸውም። ይህን ዜና ሰምቼ «ሰነፎች» ብዬ ነበር። በዚያ ከሰዓት ቃሌን መልሼ ዋጥሁት።

የሚያጎድለውን ልንገር። አንድ ቀን አይበቃም፤ ለአሥራ ሁለት ሰው አንድ ማሽን ስለሆነ ማያ ገጹ ፊት የተቀመጥሁት በድምሩ ከአንድ ሰዓት ብዙ አይበልጥም። ስለ ሕጉም ሮጥ ብለው ነው ያለፉት። የኪስ ቢላዋ ስለቱ ከሁለት ኢንች ተኩል ካነሰ በፌዴራል ሕግ አደገኛ መሣሪያ አይባልም፤ ሆኖም ሕንጻው የራሱ ክልከላ ሊኖረው ይችላል። በየቀኑ የምንጣላበት ጉዳይ ይህ ሆኖ ሳለ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው የተሰጠው። ይህም ሆኖ ከአሥር ዘጠኝ እሰጠዋለሁ። ኩባንያው ከጠየቃችሁ አስተማሪው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ይነግራችኋል፤ ቀን መምረጥም ይቻላል። በአስተማሪው ምረጡ።

ለደሴዋ ልጅ ቅዳሜ ቤት ጠርቼ ይህንኑ ነገርኋት። ሽሮ በልተን ስናበቃ የፌማውን መለያ ቁጥር አወጣንላት፤ 907ን እዚያው ጀመረችው። «ጋሼ፣ 425ቱን ታዲያ ምን ላድርገው?» አለችኝ። «ለእናትሽ ላኪው» አለቻት ባለቤቴ ከማድ ቤት።

በርበሬው ተመልሷል፤ ጀበናዋም ሳትሰበር ገብታለች። አሞሌዋን ግን አስተማሪያችን ለሚቀጥለው ክፍል ያስፈልገኛል ብለው ለመኑኝ፤ እምቢ ማለት አቃተኝ። መደርደሪያው ላይ ያለው ባዶ ቦታ እስካሁን አልተሞላም። ባለቤቴም በየማለዳው አቧራውን ስትወለውል እዚያ ስትደርስ ቆም ብላ ወደኔ ታያለች።